ቶም ሞሪስ፤ የሴንት አንድሩዝ ሜዳ ጠባቂ

ቶም ሞሪስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 16 ቀን 1821 ዓ.ም. በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በሴንት አንድሩዝ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በስፖርት ታሪክ ስሙ የሚነሣው የብሪታንያን ክፍት የጎልፍ ውድድር አራት ጊዜ በማሸነፉ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከድሉ ይበልጥ የሚያጓጓው ሌላው ሥራው ነው፤ ይኸውም ቀዝቃዛው ወራት ርጥብና ረጅም በሆነበት አገር፥ የተጫዋቹ ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሲሄድ፥ አንድን የሣር ሜዳ ለአርባ ዓመት ያህል ከመበላሸት ጠብቆ ማቆየቱ ነው።

ሞሪስ በወጣትነቱ በዘመኑ ወደር ካልነበረው ተጫዋችና ኳስ ሠሪ ከአለን ሮበርትሰን ዘንድ ሙያ ለመማር ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የጎልፍ ኳስ የሚሠራው በቆዳ ከረጢት ውስጥ ላባ ተጠቅጥቆ ነበር። አንድ ሠራተኛ በቀን ከሦስትና ከአራት የማይበልጥ ኳስ ስለሚያወጣ ዋጋው ውድ ነበር፤ ዝናም ሲመታውም ስፌቱ ይላላል። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽና ውሃ የማይገባው ኳስ ብቅ አለ። ሮበርትሰን እንጀራውን እንደሚያሳጣው ስላወቀ አጥብቆ ተቃወመው። ሞሪስ ግን በአዲሱ ኳስ ሲጫወት ስለ ተገኘ ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ፤ እሱም በ1851 ዓ.ም. በምዕራቡ ጠረፍ ወዳለው ወደ ፕሬስትዊክ ሄዶ የሜዳ ጠባቂ ሆነ። የሚያስገርመው ነገር፥ ከሥራው ያስወጣው ይኸው ኳስ ጨዋታውን ለተራው ሰው ከፍቶ፥ በ1852 ዓ.ም. ሴንት አንድሩዝ ከደረሰው የባቡር ሐዲድ ጋር ሆኖ፥ ኋላ ሞሪስ ዕድሜውን ሙሉ የታገለውን የእግር ብዛት ያመጣ መሆኑ ነው።

ፕሬስትዊክ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ስለ ነበረ ባለ 12 ጕድጓድ ሜዳ ቀየሰበት፤ መስመሮቹም እርስ በርሳቸው ይተላለፉ ነበር። የመጀመሪያው ክፍት ውድድር በ1860 ዓ.ም. የተደረገው በዚህ ሜዳ ነው። ስምንት ሰዎች ተሰልፈው ሞሪስ ሁለተኛ ወጣ፤ በ1861፥ በ1862፥ በ1864 እና በ1867 ዓ.ም. ግን አሸናፊ ሆነ። ለሙያው ይበልጥ የጠቀመው ግን በዚሁ ሜዳ ላይ ያስተዋለው ነገር ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን የአሸዋ ጋሪ ግሪን በሚባለው፥ ጕድጓዱ በሚገኝበት አጭር ሣር ላይ ተደፋበት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አሸዋው የፈሰሰበት ሣር ከሌላው ይልቅ ለምልሞ አየው ይባላል። ታሪኩ ከተረት ቢቀላቀልም፥ ሞሪስ ከዚያ ወዲያ ግሪኖቹን አዘውትሮ አሸዋ ማልበሱ እርግጥ ነው።

ምክንያቱን ዛሬ የአፈር ሜካኒክስ በሚገባ ያስረዳል። በየቀኑ የሚረገጥ አፈር ይጠቀጠቃል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፤ የበሰበሰው ሥርና ቅጠልም የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ያደርገዋል። ዝናም ሲጥል ውሃው ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከላይ ይተኛል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይደክማል። በርጥብ መረሬ አፈር ላይ መንገድ የሠራ ባለሙያ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። አሸዋ በስሱ እየተበተነ ከላዩ ንብርብር ጋር ሲዋሐድ ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ጭነቱን ይሸከማሉ፤ ክፍተቱም ሳይዘጋ ይቀራል፤ ጐድጓዳውም ቦታ ይስተካከላል። ቁም ነገሩ ስስ መሆኑና መደጋገሙ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የተደፋ አሸዋ ከሥሩ ካለው ደቃቅ አፈር ጋር ሳይዋሐድ ለብቻው ንብርብር ይሆናል፤ ውሃም በሁለቱ ድንበር ላይ ይቆማል። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1960 ዓ.ም. ያወጣው የግሪን አሠራር፥ 10 ሴንቲሜትር ያህል ጠጠር ከሥር፥ 30 ሴንቲሜትር ያህል አሸዋማ አፈር ከላይ የሚያነጥፈው፥ የሞሪስ ጋሪ የጀመረውን ሐሳብ በስሌት የጨረሰ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሮበርትሰን በ1859 ዓ.ም. ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላም የሴንት አንድሩዝ ክበብ ሞሪስን መልሶ ጠራው። ደመወዙ በዓመት 50 ፓውንድ፥ ለሜዳው ማደሻ የተመደበው ገንዘብ 20 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ለከባዱም ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን የሚረዳው አንድ ሰው ተፈቀደለት። ሜዳው በአንዳንድ ስፍራ እሾኻማ ቍጥቋጦ የወረሰው ስለ ነበረ ሄጄና ተመላሽ ተጫዋቾች በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገፋፉ ነበር። በአንድ ግሪን ላይ ሁለት ጕድጓድ የመቈፈር ልማድ ከእሱ በፊት ቢጀመርም፥ ቍጥቋጦውን እየመነጠረ መስመሮቹን ያሰፋው፥ ግሪኖቹንም እየዘረጋ እግሩን የበተነው ሞሪስ ነው። ዛሬም ከ18ቱ ጕድጓዶች 14ቱ በሰባት ጥንድ ግሪኖች ላይ ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን በ1870 ዓ.ም. ገደማ በስዊልካን ጅረት ዳር ለመጀመሪያው ጕድጓድ ለብቻው የሠራው ግሪን ነው። ቀድሞ ይህ ግሪን ለብቻው ስላልነበረ ሜዳውን መዞር የሚቻለው በግራ በኩል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን በቀኝም መዞር ተቻለ። ለብዙ ዓመታት አቅጣጫው በየሳምንቱ እየተቀያየረ፥ ባንዱ ሳምንት የተረገጠው ስፍራ በሌላው ሳምንት ያርፍ ጀመር። አንድ ክንድ መሬት ሳይጨመር የሜዳውን የመሸከም ዐቅም ከፍ ማድረግ ማለት ይህ ነው። እሑድም ሜዳው ተዘግቶ ይውል ነበር። ሞሪስ ሃይማኖተኛ ቢሆንም ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ማረፍ ባያሻው እንኳ መሬቱ ማረፍ ያሻዋል ብሎ ያምን ነበርና።

የቤቱ ታሪክ ግን እንደ ሥራው አልቀናለትም። ከአባቱ የበለጠ ተጫዋች የወጣው ልጁ፥ ታናሹ ቶም፥ አራት ጊዜ ክፍቱን ውድድር ካሸነፈ በኋላ በ1875 ዓ.ም. ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ እሱም በዚያው ዓመት በገና ዕለት በ24 ዓመቱ አረፈ። በተከታዩ ዓመት የሞሪስ ባለቤት ናንሲ ሞተች። አባትዬው ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረ፤ በየማለዳውም በቀዝቃዛው ባሕር መዋኘቱንና ወደ ሜዳው መውረዱን አላቋረጠም።

ሮያል ዶርኖክን፥ ሙርፊልድን፥ በአየርላንድም ሮያል ካውንቲ ዳውንንና ላሂንችን የመሰሉ ሜዳዎች ቅየሳው የእሱ እጅ አለበት። አብዛኛውን የቀየሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን እየተራመደ ችካል በመትከል ነበር። በአሸዋማው የባሕር ዳር መሬት ይህ ይበቃ ነበር፤ መሬቱ ራሱ ውሃውን ያሳልፋልና። ጭቃ በሚበዛበት የመሀል አገር መሬት ላይ ግን የውሃ መውረጃ ቦይና የተቀበረ ቧንቧ ሳይኖር ችካል መትከል ብቻውን እንደማያዛልቅ ኋለኞቹ ቀያሾች በብዙ ወጪ ተረድተዋል።

የሴንት አንድሩዝም ሜዳ ቢሆን በብልሃት ብቻ የማይዘለቅበት ጊዜ መጣ። በ1895 ዓ.ም. ሆል ብላይዝ የተባለ የኤዲንብራ ሲቪል መሐንዲስና ሞሪስ ያወጡት አዲስ ሜዳ ከአሮጌው ጎን ተከፈተ፤ በ1897 ዓ.ም. ከተማው ሦስተኛ ጨመረ። ሞሪስ በ1903 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። በሜይ 24 ቀን 1908 ዓ.ም. በአንድ ክበብ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ፤ በከተማው የካቴድራል መቃብርም ከልጁ አጠገብ ተቀበረ። አሮጌው ሜዳ ታላላቅ ውድድሮች ካልኖሩ በስተቀር እስከ ዛሬ እሑድ አይጫወቱበትም፤ የከተማው ሰው ከነልጆቹና ከነውሾቹ ይንሸራሸርበታል።