ቻርልስ ዳርዊንና የባቄላው ሥር

የቻርልስ ዳርዊን ስም ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1859 ስለ ፍጡራን ዐይነቶች አመጣጥ ያሳተመውን መጽሐፍ ነው። እኛ ግን የምንጽፈው በሽምግልናው ስለ ደከመበት ስለ አንድ ትንሽ ነገር፥ ይኸውም ስለ ባቄላ ሥር ነው። ዓመቶቹ ኹሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዳርዊን በ1809 እንግሊዝ አገር በሽሩዝበሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩና ልጃቸው ሙያቸውን እንዲወርስ ወደ ኤዲንብራ ቢልኩት ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን ዞረ፤ ከ1842 ጀምሮ ግን በዳውን መንደር ተቀምጦ፥ ሕመም እያሠቃየው ሲመራመር ኖረ።

ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ኾኖ፥ ሥር ወደ ታች የሚያድገው በየትኛው ክፍሉ ዐውቆ ነው ብሎ ጠየቀ። በአገራችንም የሚዘራውን ባቄላ አብቅለው የሥሩን ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያኽል ቈርጠው አጋደሙት። ሥሩ ረዘመ እንጂ አልታጠፈም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ ጫፍ ሲያበቅል ግን ታጠፈ። አስቀድሞ ተጋድሞ ቈይቶ ኋላ ጫፉን የተቈረጠውስ? እሱ ያለ ጫፍም ታጠፈ፤ ትእዛዙ ከጫፉ ወጥቶ አልፎ ነበርና። ከእነሱ በፊት ቺዬሼልስኪ የተባለ ተመራማሪ በ1872 ይህን የመሰለ ነገር አሳይቶ ነበር። የዳርዊን መጽሐፍ በ1880 ወጣ።

በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ የነበረው ዝነኛው የዕፅዋት ሊቅ ዩሊዩስ ዛክስ ግን፥ ረዳቱ ሙከራውን ደግሞ ሌላ ውጤት ስላገኘ፥ ሥራውን የባላገር ቤት ጨዋታ አድርጎ ናቀው። ፍራንሲስ በዛክስ ቤተ ሙከራ የሠራ ሰው ነበርና በአባቱና በመምህሩ መካከል መቆም ግድ ኾነበት። እንደ እኛ አስተያየት ዛክስ ቸኵሏል፤ አቈራረጡ ጥቂት ከተዛባ ውጤቱ ይለወጣልና። ዳርዊን በአፕሪል 19 ቀን 1882 ዐርፎ በለንደን በዌስትሚኒስተር ተቀበረ።

ከጫፉ የሚወጣው ትእዛዝ ኦክሲን የተባለ የዕድገት ንጥረ ነገር መኾኑ የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ሥሩ ሲጋደም በጫፉ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች ይዘቅጣሉ፤ ፒን የተባሉ ፕሮቲኖችም ኦክሲኑን ወደ ታችኛው ጐን ይገፋሉ። በዚያ በኩል ዕድገቱ ሲዘገይ የላይኛው ጐን ቀድሞ ይረዝማል፥ ሥሩም ይታጠፋል።

ፒኖች በሕዋሱ በአንድ ወገን ብቻ እንዴት ይሰበሰባሉ? በሕዋሱ ውስጥ እንደ ቤት ማገር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ፕሮቲኑን የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አክቲን በተባሉት ክሮች እየተመሩ ይመላለሳሉ። በ2001 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ እነዚህ ክሮች በመድኃኒት ሲፈርሱ ምልልሱ ይሰናከላል። ደግሞም በአንዱ ሥር ውስጥ አንዱ የፒን ዐይነት በሥሩ ቆዳ ሕዋሳት ወደ ግንዱ ወገን፥ ከቆዳው በታች ባሉት ለጋ ሕዋሳት ግን ወደ ጫፉ ወገን ይቀመጣል።