የእግራችንን ካርታ የሳለችው ሴት

ማሳጅ ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም የተከፋፈለ የውስጥ እግር ሥዕል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቶቹ የራስ፣ መሃሉ የሆድ፣ ተረከዙ የወገብ ተብለው የተለዩበት? ሪፍሌክሶሎጂ የሚባለው ማሳጅ የሚሠራው በዚህ ካርታ ነው። ካርታውን ለዓለም ያዳረሰችው ደግሞ ዩኒስ ኢንግሃም የምትባል አሜሪካዊት ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩኒስ የተወለደችው በ1889 ነው። ሐኪም አልነበረችም፣ ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ዶክተር ጆ ሼልቢ ራይሊ ከሚባል ሰው ጋር ትሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ራይሊ የሚከተለው አንድ አዲስ ሐሳብ ነበር። የሐሳቡ አባት ዊሊያም ፊትዝጄራልድ የሚባል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነው። ይህ ሰው ሰውነትን ከራስ እስከ እግር 10 ቦታ በቁመት ከፋፍሎ፣ አንዱን ጫፍ መጫን በዚያው መስመር ላይ ያለውን ሕመም ያደነዝዛል ይል ነበር። መጫኛው ታዲያ ምን መሰላችሁ? ላስቲክ፣ የልብስ መቆንጠጫና ማበጠሪያ!

ዩኒስ ከዚህ ሁሉ እግርን መረጠች። እግር ስሜቱ ስለታም ነው፣ ለመያዝም ይመቻል። ሰው በመጣ ቁጥር ውስጥ እግሩን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች የት ጋ እንደሚያመው ትመዘግባለች፣ ያንን ሰውዬው ካለበት ሕመም ጋር ታስተያያለች። አንዳንዴ የሚያመው ቦታ ላይ ጥጥ ለጥፋ ታስኬዳቸው እንደነበር ይነገራል። ቀስ በቀስ ሙሉ ሰውነት በእግር ላይ ተሳለ። ጣቶቹ ራስ፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው ሳንባ፣ የውስጠኛው ጠርዝ አከርካሪ ሆኑ። ጉበት ቀኝ እግር ላይ ዋለ።

ከሞከረችባቸው ሰዎች አንዱ በልጅነቱ በአስምና በአለርጂ ይሠቃይ የነበረው የቅርብ ዘመዷ ድዋይት ባየርስ ነው። አድጎ ሥራዋን የወረሰውም እሱ ነው።

በ1938 የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ እግር ሊናገር የሚችላቸው ታሪኮች እንደማለት ነው። ከዚያ ቁጭ አላለችም። ለአሥርተ ዓመታት አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች አስተማረች። ትምህርቷ ለባለሙያ ብቻ አልነበረም፣ ተራውን ሰውም የቤተሰቡን እግር እንዲያሽ አስተማረች። ዛሬ ሙያው በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። በ1974፣ በ85 ዓመቷ ዐረፈች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፦ ካርታው እውነት ነው ወይ?

ዩኒስ እግር ላይ የሚያመው ቦታ ትንንሽ ክሪስታል የተከማቸበት ነው፣ በአውራ ጣት ሲፈጭ ይበተናል ብላ ታምን ነበር። ይህ አልተረጋገጠም። ከኩላሊት ወይም ከጉበት ተነስቶ ውስጥ እግር ላይ አንድ የተወሰነ ነጥብ የሚደርስ የተለየ መስመርም አልተገኘም። እንዲያውም የተለያዩ ባለሙያዎች ካርታ እርስ በርሱ አይገጥምም። በ2009 ኤድዛርድ ኤርንስት የተባለው ተመራማሪ 18 ጥናቶችን ሰብስቦ ገመገመ። ድምዳሜው ሪፍሌክሶሎጂ የትኛውንም በሽታ እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ የለም የሚል ነበር።

ታዲያ ዝም ብሎ ገንዘብ መጨረስ ነው? አይደለም። በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕመማቸው የገፋ 385 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። እግራቸው በሪፍሌክሶሎጂ የታሸላቸው ሴቶች ትንፋሽ ማጠሩ ቀለል ብሏቸዋል፣ የዕለት ሥራቸውን መሥራትም የተሻለ ችለዋል። ሕመሙና ማቅለሽለሹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ካንሰሩንም አላዳነም። ያገኙት እፎይታ ነው፣ እፎይታ ደግሞ ለታመመ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ከዋላችሁ፣ ጭንቀት ካለባችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ እግራችሁን አሳሹ፣ ዘና ያደርጋል። ነገር ግን አሻሹ ውስጥ እግራችሁን ነክቶ ኩላሊትህ ታሟል፣ ጉበትሽ ደክሟል ካለ አትደንግጡ፣ አትመኑም። የተጠራጠራችሁት ነገር ካለ በደም፣ በሽንትና በአልትራሳውንድ ይታያል። የሐኪም መድኃኒት አቁም የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ፣ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት፣ ወይም እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይታሽ። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ አስቀድመው ይጠይቁ።

ዩኒስ የሳለችው ካርታ የበሽታ መመርመሪያ አልሆነም። የደከመ ሰው እግር ይዞ በትዕግሥት መዳሰስ ግን ጥቅም እንዳለው አሳይታለች። ዛሬ ማታ የእናታችሁን እግር ለማሸት ካርታ አያስፈልጋችሁም።