ንብ፣ አበባና በሽታ፦ የመርተን ዌይት የምርምር ሕይወት

በፀደይ ወራት የፈካ የፒር አበባ በእሳት እንደተለበለበ ጠቁሮ ሲደርቅ የተመለከቱ የአሜሪካ አትክልተኞች፣ ለመቶ ዓመት ያህል ምክንያቱን አንዴ በፀሐይ፣ አንዴ በመብረቅ፣ አንዴም በአፈሩ ያሳብቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቡሪል የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ቢያስረዳም፣ ይህ ረቂቅ ሕዋስ ከአበባ ወደ አበባ እንዴት እንደሚሻገር ገና አልታወቀም ነበር። እንቆቅልሹን የፈታው የቡሪል ደቀ መዝሙር መርተን ዌይት ነው።

ዌይት በ1865 ተወልዶ፣ በ1887 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በዕፅዋት በሽታ ተመራማሪነት ተቀጠረ። በ1891 ይፋ በሆነው ጥናቱ፣ ባክቴሪያው ንቦች በሚቀስሙት ጣፋጭ የአበባ ፈሳሽ ውስጥ እንደሚራባ አሳየ። ነፍሳት እንዳይደርሱባቸው በመረብ የሸፈናቸው አበቦች ከበሽታው ተጠበቁ፤ የታመመ አበባ ከጎበኙ ንቦች አፍ ላይም ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። ነፍሳት የዕፅዋትን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንደሚያስተላልፉ በሙከራ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ንብን ከአትክልት ስፍራ ማባረር ተገቢ ፍርድ በመሰለ ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያው ዓመታት ዌይት ሌላ ችግር ይመረምር ነበር። ይኸውም አንድ ዓይነት ፒር ብቻ የተተከለበት ሰፊ ማሳ አበባው ሞልቶ ሳለ ፍሬው የሚያንሰው ለምንድን ነው የሚል ነው። በ1894 በታተመው ጽሑፉ፣ ብዙዎቹ የፒር ዓይነቶች በራሳቸው የአበባ ብናኝ በቂ ፍሬ እንደማይዙ፣ ከሌላ ዓይነት ፒር የሚመጣውን ብናኝ የሚያደርሱላቸውም በተለይ ንቦች መሆናቸውን ገለጸ። በሽታውን የምታዛምተው ንብ ፍሬውንም የምታስገኝ ሆና ተገኘች።

ስለዚህ ዌይት መፍትሔውን ከአመላላሿ ሳይሆን ከምንጩ ፈለገ። ባክቴሪያው ክረምቱን የሚያሳልፈው በጥቂት ቅርንጫፎች ቁስል ውስጥ ነው፤ በፀደይ ከቁስሉ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ነፍሳትን ይስባል፤ ከዚያም ወደ አበባ ይደርሳል። በመሆኑም ዛፎቹ ከማበባቸው በፊት የታመመውን ቅርንጫፍ ከጤነኛው ክፍል ጭምር ቆርጦ ማስወገድንና የመቁረጫውን መሣሪያ በመድኃኒት ማጽዳትን አስተማረ።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ባክቴሪያው ይበልጥ የሚራባው የአበባ ብናኝ በሚያርፍበት የሴቴ አካል ጫፍ ላይ መሆኑን፣ ዝናብና ጤዛም ወደ ታች አጥበው ፈሳሹ ወደሚመነጭበት ክፍል እንደሚያደርሱት አስረድተዋል። የፈሳሹ የስኳር መጠን ከፍ ሲል የባክቴሪያው ዕድገት ይገታል፤ በዝናብ ሲቀጥን ግን ይፋጠናል።

ዌይት በ1945 አረፈ። አንድን ጉዳት ለማስቀረት ሲባል ጠቃሚውን አገልግሎት አብሮ ማጥፋት እንደማይገባ የሥራው ውጤት ዛሬም ይመሰክራል።