ካፖዬራን ከወንጀል ሕግ አውጥተው ወደ ትምህርት አዳራሽ ያስገቡት መምህር ቢምባ

ወላጆችና ልጆች ክብ ሠርተው፣ በከበሮና በጭብጨባ እየታጀቡ የሚለማመዱት የካፖዬራ ጥበብ በአሁኑ ወቅት ከብራዚል አልፎ በበርካታ አገሮች የማኅበረሰብ አዳራሾች ውስጥ በትምህርትነት ይሰጣል። ይሁንና ውዝዋዜን፣ ጨዋታንና ፍልሚያን ያጣመረው ይህ ጥበብ በትውልድ አገሩ ለ50 ዓመታት ያህል በእስራት የሚያስቀጣ ድርጊት ሆኖ መቆየቱን የሚያውቁ ብዙዎች አይደሉም። ይህን ታሪክ ከለወጡት ሰዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት መምህር ቢምባ ናቸው።

ሙሉ ስማቸው ማኑዌል ዶስ ሬይስ ማሻዶ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የባሂያ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሳልቫዶር ተወለዱ። እናታቸው የሚወለደው ሴት ነው፣ አዋላጇ ደግሞ ወንድ ነው በሚል ተወራርደው አዋላጇ በማሸነፋቸው፣ ሕፃኑ ወንድነቱን በሚያመለክት የአገሬው የጨዋታ ቃል ቢምባ መባሉ ይነገራል። አባታቸው ባቱኬ በተባለው፣ ተጋጣሚን በእግር ጠልፎ በመጣል ላይ በተመሠረተ ትግል የታወቁ ነበሩ። ልጃቸውም በ12 ዓመታቸው ቤንቲኞ ከተባሉ አፍሪካዊ ካፖዬራን መማር ጀመሩ።

ካፖዬራ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችና ልጆቻቸው በብራዚል ምድር ያዳበሩት ጥበብ ነው። ባርነት በ1888 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሕግ ቢወገድም፣ በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖዬራን በአደባባይ የሠራ ሰው ከሁለት እስከ ስድስት ወር እንዲታሰር ደነገገ። በወደብ ሠራተኝነት፣ በአናጺነትና በከሰል አክሳይነት ይተዳደሩ የነበሩት ቢምባ ያደጉት በዚህ ሕግ ሥር ነበር።

ቢምባ ካፖዬራ የፍልሚያ ኃይሉን እያጣ ለጎብኚዎች መዝናኛ ብቻ ወደመሆን ማዘንበሉ ያሳስባቸው ነበር። በመሆኑም ከአባታቸው ባቱኬ የወሰዷቸውን እንቅስቃሴዎች በመጨመር የራሳቸውን ስልት ቀረጹ፤ ትምህርቱንም ሁለት ተማሪዎች እየተቀባበሉ በሚሠሯቸው ስምንት ተከታታይ ልምምዶች አደራጁ። አዲስ ገቢውን ተማሪ ሁለት እጁን ይዘው መሠረታዊውን እርምጃ ራሳቸው ያስተምሩት ነበር። ልምምዱን የሚያጅበው ቤሪምባው ሲሆን፣ ይህም እንደ ቀስት በተለጠጠ እንጨት ላይ አንድ የብረት ሽቦ የተወጠረበትና ቅል የታሰረበት፣ እንደ መሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው። ከዚህም በላይ ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚገባ ሰው ተማሪ ወይም ሠራተኛ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ ነበር። ካፖዬራ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ለሚለው ክስ ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በ1932 የከፈቱት ትምህርት ቤት በ1937 ከግዛቲቱ የትምህርት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው የ1890ው ሕግ ያኔ ገና አለመሻሩ ነው። ትምህርት ቤቱ የተመዘገበው ካፖዬራ በሚለው ቃል ሳይሆን በአካል ማጎልመሻና በባሂያ አካባቢያዊ ፍልሚያ ስም ነበር። ክልከላው ከወንጀል ሕጉ የተወገደው በ1940 በወጣው አዲስ ሕግ ሲሆን፣ ቢምባ ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1939 በሳልቫዶር በሚገኝ የጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ ማስተማር ጀምረው ነበር። በ1953ም በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ፊት ከተማሪዎቻቸው ጋር ትርዒት አቅርበዋል።

አካሄዳቸው ያለነቀፌታ አላለፈም። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ስለነበሩ ጥበቡን ከድሆች መንደር አርቀውታል የሚሉ ነበሩ። ነባሩን ሥርዓት ለመጠበቅ የተነሡት መምህር ፓስቲኛም በ1941 የካፖዬራ አንጎላን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ነቀፌታው መሠረት የለውም ባይባልም፣ የተማሩ ወጣቶች ወደ አዳራሹ ባይገቡ ኖሮ የመሥሪያ ቤቶች በር ይከፈት ነበር ለማለት ያዳግታል።

ዕውቅናው ግን መተዳደሪያ አልሆነላቸውም። የባሂያ ባለሥልጣናት ድጋፍ ነፍገውኛል በሚል ቅሬታ፣ የተሻለ ኑሮ ተስፋ ተሰጥቷቸው በ1973 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጎያኒያ ከተማ ተሻገሩ። የተስፋው ቃል አልተፈጸመላቸውም፤ በየካቲት 1974 በዚያው ከተማ በችግር ላይ እንዳሉ በጭንቅላት ደም መፍሰስ አረፉ።

አፅማቸው በ1978 ወደ ሳልቫዶር ተመለሰ። የባሂያ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው በ1996፣ ካረፉ ከ22 ዓመታት በኋላ ነው። የብራዚል መንግሥት በ2008 የካፖዬራን ክብ ብቻ ሳይሆን የመምህራኑንም ሙያ በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበ፤ ዩኔስኮም በ2014 የካፖዬራን ክብ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረ።