ሌኒንና ሙዚቃ

የአንድ የፖለቲካ መሪ ማንነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው በነደፈው ፕሮግራምና በመራው ትግል ነው። ሆኖም በፋታው ሰዓት ጆሮውን ለየትኛው ዜማ ይሰጥ እንደነበር ብንመረምር ከድርሳናቱ የማናገኘውን ገጽታውን እንረዳለን። የቭላዲሚር ኢሊች ሌኒን ሕይወት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1870 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሲምቢርስክ ከተማ፣ ከተማረ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ማሪያ አሌክሳንድሮቭና ፒያኖ ይጫወቱ፣ ልጆቻቸውንም ያስተምሩ ነበር። እርሱ ግን ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ተወው። በ1887 ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንደር ዛሩን ለመግደል አሲሯል ተብሎ ሲሰቀል ሌኒን የ17 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕይወቱን ለአብዮቱ ሰጠ።

የሙዚቃ ፍቅሩ ግን አልከሰመም። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የቤትሆቨንን ሥራ፣ በተለይም አፓሲዮናታ የተሰኘውን የፒያኖ ሶናታ ነበር። በስደት ዘመኑም የትግል ጓዱ ኢኔሳ አርማንድ የቤትሆቨንን ድርሰቶች ትጫወትለት ነበር።

በ1920 በሞስኮ፣ ኢሳይ ዶብሮቬን የተባለው ፒያኒስት የቤትሆቨንን ሶናታዎች ሲጫወት ሌኒን ያዳመጠበትን ምሽት ደራሲው ማክሲም ጎርኪ በትዝታው መዝግቦታል። በእርሱ ምስክርነት መሠረት ሌኒን አፓሲዮናታን በየቀኑ ቢሰማ አይሰለቸውም። ሆኖም ሙዚቃን አዘውትሮ ማዳመጥን ይሸሽ ነበር። ዜማው ልቡን እያራራ የሰዎችን ራስ እንዲዳብስ ይገፋፋዋል፤ ዘመኑ ግን ያለ ርኅራኄ መምታትን ይጠይቃል ብሎ ያምን ነበር።

በ1922 አገሪቱ በረሃብ ስትማቅቅ፣ የቦልሾይ ቲያትር ወጪ ተቀንሶ ከሚተርፈው ገንዘብ ከፊሉ መሃይምነትን ለማጥፋት እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። የትምህርት ኮሚሳሩ ሉናቻርስኪ አጥብቆ ተከራከረ፤ ቲያትሩም ሳይዘጋ ቀረ። ሌኒን በ1924 አረፈ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ትምህርት እንቀስማለን። የመጀመሪያው የሚያስመሰግን ነው፤ ሌኒን የራሱን የሙዚቃ ጥማት ከሰፊው ሕዝብ ፊደል የመቁጠር መብት አላስቀደመም። ሁለተኛው ግን መራራ ነው። ርኅራኄን እንደ ድክመት የቆጠረው አስተሳሰብ በ1918 በታወጀው ቀይ ሽብር ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ስሙን ተውሰን በአገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያካሄድነው ቀይ ሽብርም ብዙ ሺህ ወጣቶችን በልቷል፤ ሬሳቸው በየመንገዱ ተጥሎ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል።

ስለዚህ በሂስና በግለ ሂስ መንፈስ ይህን ልንቀበል ይገባናል፦ ልብን የሚያራራውን ድምፅ የሚፈራ ትግል፣ የታገለለትን ሕዝብ ለቅሶ መስማት ይሳነዋል።