ፓውል ኤርሊኽና የፍየሎቹ ደም

የደም ሕዋሳትን በቀለም ለይተው በማሳየት ለዘመናዊ የደም ምርመራ መሠረት የጣሉት ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 በፕሩሲያዋ ሲሌዥያ፣ ሽትሬለን በተባለች ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። ሕክምና ቢያጠኑም ልባቸው ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያዘነበለው ወደ ቀለም ነበር። በ1888 የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ወደ ግብጽ ተጓዙ፤ አገግመውም በተከታዩ ዓመት ወደ በርሊን ተመለሱ።

ስማቸው አብዝቶ የሚነሳው ሳልቫርሳን በተባለው የቂጥኝ መድኃኒት ነው። የቁርጥማት ሕሙማንን የሚመለከተው ግን በ1900 ገደማ ከዩልየስ ሞርገንሮት ጋር በፍየሎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። አንዲት ፍየል የሌላ ፍየል ደም በመርፌ ሲሰጣት ያንን ደም የሚያፈርስ አንቲቦዲ አበጀች፤ የራሷን ደም የሚነካ ግን አላበጀችም። ኤርሊኽ ከዚህ ተነስተው ሰውነት ራሱን ከመመረዝ የሚገታው ልጓም እንዳለው አስተማሩ። ልጓሙ ሲላላ በሽታ ሊከተል እንደሚችልም አልዘነጉም። የሚያሳዝነው ግን፣ በ1908 ከኢልያ ሜችኒኮቭ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ሊቅ ዝና ከባድ ነበርና ብዙዎች ማሳሰቢያውን ትተው ነገሩ ከቶ አይሆንም ብለው ያዙ። በ1904 ዶናትና ላንድሽታይነር በቪየና የራስን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ አንቲቦዲ በሕሙማን ደም ውስጥ ቢያሳዩም፣ ግኝቱ ለአሥርት ዓመታት ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ኤርሊኽ ኦገስት 20 ቀን 1915 በባድ ሆምቡርግ አረፉ። በ1940 ኖርዌያዊው ኤሪክ ቫለር በመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማን ደም ውስጥ ስላገኙት ልዩ ነገር ጻፉ። ይህ ዛሬ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው፣ የሰውነትን የራሱን አንቲቦዲ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሉፐስ በተባለው በሽታ የሕዋስን አስኳል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ታወቁ። እነዚህ ከዒላማቸው ጋር ተጣብቀው በኩላሊት ውስጥ ሲከማቹ ብግነት ያስነሳሉ፤ በጊዜ ካልታከመም ኩላሊቱን ከሥራ ውጭ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ዛሬ ለሱብሒ ተነስታ ውዱእ ስታደርግ ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት የአል አንሳብ ነዋሪ ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ፣ ደሟ ለእነዚሁ አንቲቦዲዎች እንዲመረመር ሊታዘዝላት ይችላል። ውጤቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም። አንቲቦዲዎቹ በጤነኛ ሰው ደምም ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ይታያሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ውጤቱን ከእብጠቱና ከሌሎች ምልክቶች ጋር ያመዛዝናል። የአስኳሉ አንቲቦዲ በአጉሊ መነጽር ሥር አረንጓዴ ሆኖ የሚበራው ፍሎረሲን ከተባለ ቀለም በተሠራ ውሁድ ነው። ኤርሊኽ በ1882 በዓይን ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አካሄድ የተከታተሉት በዚሁ በፍሎረሲን ነበር።