አልፍሬድ ደንሂልና ባለ ነጭ ነጥቡ ፒፓ

ደንሂል የሚለው ስም ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም። በሲጃራ ፓኮ ላይ፣ በላይተር ላይ፣ በወንዶች ልብስና በሽቶ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ስም የንግድ ምልክት ከመሆኑ አስቀድሞ የአንድ ሰው ስም እንደ ነበረ፣ ሰውየውም ሥራውን የጀመረው በፈረስ ኮርቻና ልጓም ንግድ እንደ ሆነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛ የዚህን ሰው ታሪክ ለዛሬው እሑድ ስንመርጥ ፒፓ ማጨስን ለማመስገን አስበን እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ይወቁልን፤ ስለ ትምባሆ የምንለውን በቦታው እንላለን። የምንጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ደንሂል በሴፕቴምበር 30 ቀን 1872 ዓ.ም. በሎንዶን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሆርንሲ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሄንሪ ደንሂል በዩስተን መንገድ ላይ የኮርቻ፣ የልጓምና የሠረገላ ዕቃ ንግድ ነበረው። ከወንድሞቹ አንዱ ቶማስ ወደ ሙዚቃ አዘንብሎ ስሙ የታወቀ የዜማ ደራሲ ሲሆን፣ አልፍሬድ ግን በ15 ዓመቱ ከአባቱ ሱቅ ገብቶ የቆዳን ሥራ ይማር ጀመር። በ1893 ዓ.ም. ገና ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሳለ ሱቁን ከነሥራው ተረከበ።

ዘመኑ ለፈረስ ዕቃ ነጋዴ ደግ ዘመን አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1896 ዓ.ም. ድረስ ባለ ሞተር ሠረገላ በመንገድ ሲያልፍ አንድ ሰው በእግሩ ቀድሞት እንዲሄድ ሕግ ያስገድድ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻረ፤ የፍጥነቱም ወሰን በሰዓት 14 ማይል ሆነ። ከዚያ ወዲህ አውቶሞቢል በየዓመቱ እየበዛ፣ የባለጠጎቹ ፈረስ ከጋጣው እየወጣ ሄደ። ኮርቻ ለሚሸጥ ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ደንሂል ግን አዲሱን መኪና ትቶ በመኪናው ላይ የተቀመጠውን ሰው ተመለከተ። የዚያ ዘመን አውቶሞቢል ጣሪያም መስኮትም የሌለው ስለ ነበረ ነጂው አቧራ ይለብሳል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ብርድ ያንዘፈዝፈዋል። ፈረስን ያለበሰ ቆዳ ሰውንም ሊያለብስ ይችላል ሲል አሰበ። ስለዚህም የቆዳ ካፖርት፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንት፣ ጡሩምባ፣ ፋኖስና ሰዓት ማቅረብ ጀመረ። ሱቁ ከሞተሩ በስተቀር ለመኪና የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚሸጥ ያስታውቅ ነበር። በ1902 ዓ.ም. በሎንዶን የታላላቅ ሰዎች ሰፈር በሆነው በሜይፌር፣ ኮንዲውት በሚባለው መንገድ ላይ አዲስ ሱቅ ከፈተ። አንድ ጊዜ በፍጥነት ነድተሃል ተብሎ በፖሊስ ከተያዘ በኋላ ፖሊስን ከሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ ይባላል። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም የሰውየውን ጠባይ በሚገባ ይገልጣል፤ የደረሰበትን እንቅፋት ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚሸጥ ዕቃ ያደርገው ነበር።

ወደ ፒፓ የመራውም እንዲህ ያለ እንቅፋት ነው። ክፍት መኪና እየነዳ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ነፋሱ እሳቱን ያራግብበታል፤ ፍሙንና ዓመዱንም ፊቱ ላይ ይበትንበታል። ደንሂል በ1904 ዓ.ም. የፒፓው ራስ ከፊት በኩል እንደ ትንሽ ጋሻ ከፍ ብሎ ነፋሱን የሚመክት ፒፓ ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። ለዓይን የሚያምር ነገር አልነበረም። ሆኖም የደንሂል የፒፓ ታሪክ መነሻው ይኸው መልከ ጥፉ ዕቃ ነው።

በ1907 ዓ.ም. በሴንት ጀምስ ሰፈር፣ በዲውክ መንገድ ላይ የትምባሆ ሱቅ ከፈተ። ሰፈሩ መኳንንቱና የጦር መኰንኖቹ የሚሰበሰቡባቸው ክበቦች ያሉበት በመሆኑ፣ በአጠገቡ ለብዙ ዘመን የቆዩ ትምባሆ ሻጮች ነበሩ። ደንሂል ከእነዚህ ጋር በዕድሜም በስምም ሊወዳደር አይችልም። እነርሱ ያላደረጉትን አንድ ነገር ግን አደረገ። ደንበኛው ሲገባ የተዘጋጀ ቆርቆሮ አንሥቶ በማቀበል ፈንታ ምን ዓይነት ጣዕም እንደሚወድ፣ ጢሱ ምላሱን ያቃጥለው እንደ ሆነና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያጨስ ይጠይቀው ነበር። ከዚያም በፊቱ ቀላቅሎ ያቀርብለታል። ደንበኛው ቅይጡን የወደደው እንደ ሆነ መጠኑ በመዝገብ ላይ ይጻፍና ቁጥር ይሰጠዋል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ እንኳ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ቢልክ ያው የራሱ ትምባሆ ሳይለወጥ ይደርሰዋል። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ልክ መዝግቦ እንደሚያኖር ማለት ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው የፒፓ ትምባሆ ከአንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ የሚዘጋጅ ባለመሆኑ ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል በሙቅ አየር የሚደርቅ፣ ስኳር የበዛበትና ጣፋጭ ነው፤ በችኰላ ለሚምግ ሰው ግን ምላስን ይለበልባል። የቱርክና የመቄዶንያ ቅጠል ትናንሽ፣ ሽታው መልካም፣ ጣዕሙም ደረቅ ያለ ነው። ላታኪያ ስሙን ያገኘው ከሶርያ ወደብ ሲሆን፣ በእንጨት ጢስ ታጥኖ ስለሚጠቁር የታጠነ ቆዳ የሚመስል ሽታ አለው፤ ጥቂቱ ይበቃል። በአሜሪካ በሉዊዚያና የሚሰናዳው ፔሪክ ደግሞ በበርሜል ታጭቆ ለብዙ ወራት በክብደት ተጭኖ የሚብላላ ነው፤ በርበሬ በወጥ ውስጥ እንደሚገባ በጥቂቱ ይገባል እንጂ ብቻውን የሚደፍረው ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ የቀማሚው ጥበብ እነዚህን በልክ ማስማማት ነበር።

ትምባሆው እንዲህ ከተደራጀ በኋላ ደንሂልን ያስቸገረው ፒፓው ራሱ ሆነ። ያን ጊዜ ጥሩ ፒፓ የሚሠራው በፈረንሳይ አገር፣ በዡራ ተራራ ላይ ባለችው በሴንት ክሎድ ከተማ ነበር። እንጨቱ ብራየር የሚባል ሲሆን ዛፉ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች አናት ላይ የሚበቅለው አስታ የምንለው ዛፍ ነው። ለፒፓ የሚፈለገው ግን ግንዱ ሳይሆን በሜዲትራኒያን ዳርቻ በሚበቅለው አስታ ላይ፣ በሥሩና በግንዱ መካከል ለብዙ ዓመታት እያበጠ የሚያድገው ጉጥ ነው። ይህ ጉጥ እሳት በቀላሉ አይበላውም። ከመሬት ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ተቈርጦ ለብዙ ሰዓት በውሃ ይቀቀላል፤ ጭማቂው ከወጣለት በኋላ ለወራት በጥላ ይደርቃል። በዚህ ላይ የቸኰለ ሠሪ መራራ ፒፓ ይሸጣል።

ከፈረንሳይ የሚመጣው ፒፓ ደንሂልን አላረካውም። በመሆኑም በ1910 ዓ.ም. ከሱቁ አጠገብ የራሱን ትንሽ ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሻጮች በእንጨቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በማጣበቂያ ደፍነው በወፍራም ቀለም ይሸፍኑት ነበር፤ ፒፓው ሲግል ቀለሙ ይነሣና ጉዱ ይወጣል። የደንሂል ፒፓ ይህን አልተከተለም፤ ዋጋውም እንዲሁ ከሌላው የበለጠ ነበር። ፒፓ መምረጥ የሚያውቅ ሰው የሚያየውም ይህንኑ ነው፦ የእንጨቱ ጅማት ሳይቋረጥ መሄዱን፣ ድፍን አለመኖሩን፣ የጢሱ ቀዳዳ ከራሱ ውስጥ በትክክል ወለሉ ላይ መውጣቱን፣ በጥርስ ሲያዝም ክብደቱ መንጋጋን አለማድከሙን። አያያዙንም ማወቅ አለበት፤ ትምባሆውን ከታች ላላ ከላይ ጠበቅ አድርጎ መሙላት፣ ቀስ ብሎ መማግ፣ ፒፓው ሳይቀዘቅዝ አፉን አለመንቀል፣ አንድ ቀን የሠራውን ፒፓ በማግሥቱ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ፒፓ በአፉ ሲይዝ በዕድሜው ላይ አሥር ዓመት፣ በማዕረጉም ላይ ሁለት ደረጃ የተጨመረለት ሊመስለው ይችላል፤ እሳቱ በየደቂቃው ሲጠፋበትና ክብሪት ሲጨርስ የሚያየው ሰው ግን እንዲህ አያስብም።

ነጭ ነጥቧ የመጣችው በ1912 ዓ.ም. ነው። የደንሂል ፒፓ አፍ ከጠንካራ ጎማ በእጅ ይቀረጽ ስለ ነበር፣ ላዩንና ታቹን ለመለየት ደንበኞች ተቸገሩ። ደንሂልም በላይኛው በኩል አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ አኖረበት። ከዚያ በኋላ ሰው ፒፓውን ሳያወጣ ከሩቅ በነጥቧ ያውቀው ጀመር። ስሞታ ለማቃለል የተደረገች ምልክት የክብር ምልክት ሆነች።

በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በኀይለኛ ነፋስ የተገፋ አሸዋ የተረጨበትን ፒፓ አወጣ። የአልጀርያ ብራየር ከሌላው ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ አሸዋው የላላውን ክፍል ይበላውና ጠንካራው ጅማት ብቻ ጎልቶ ይቀራል፤ ፒፓው እንደ ባሕር ዛጎል ወጣ ገባ ያለ ይሆናል። አሳቡ የመጣለት በምድር ቤት ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ረስቶት የነበረ ያላለቀ ፒፓ በሙቀቱ ተኮማትሮ ባየ ጊዜ ነው ይባላል። ሌላ ነጋዴ ተበላሸ ብሎ ይጥለው የነበረውን እንጨት ደንሂል ከሁሉ የታወቀ ሥራው አደረገው። ይህን ስንመለከት የሰውየው ብልሃት ከትምህርት ይልቅ ከትዕግሥት የመጣ ይመስለናል።

በ1914 ዓ.ም. የተነሣው የዓለም ጦርነት ንግዱን አሰፋለት። በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ለነበሩ መኰንኖች ፒፓና በቆርቆሮ የታሸገ ትምባሆ ይልክ ነበር፤ እነርሱም የደንሂልን ስም ከየአገሩ ለመጡ ባልንጀሮቻቸው አስተዋወቁ። በ1921 ዓ.ም. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ለነበረው ለልዑል ኤድዋርድ ትምባሆ አቅራቢ ተብሎ ተሾመ። በኒው ዮርክና በፓሪስም ሱቆች ተከፈቱ። በ1924 ዓ.ም. በዓለም ሕዝቦች ዘንድ ያለውን የፒፓ ዓይነት ሁሉ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የድንጋይ ፒፓ፣ የእስያንና የአፍሪካን የውሃ ፒፓ በሥዕል እያስደገፈ ይተርካል። ጋያን የሚያውቅ አንባቢ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዘመዶቹን ያገኛል።

እንዲህ ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ደንሂል በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ሥራውን ለወንድሙ ለኸርበርትና ለልጆቹ ትቶ ወጣ። ትቶ የወጣውም ሥራውን ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱንና ቤቱንም ትቶ ከሌላ ሴት ጋር በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር በዎርዚንግ ተቀመጠ። ልጁ ሜሪ ደንሂል፣ ኋላ የኩባንያው ሊቀ መንበር የሆነችው፣ በ1979 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ የቤተ ሰቡን ታሪክ ጽፋለች። የማያውቀውን ደንበኛ ሁሉ ስለ ጣዕሙና ስለ ምቾቱ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ለቤቱ እንዲህ መሆኑን ስናነብ ሰውየውን ያለ ልክ ለማድነቅ ያዳግተናል።

ስለ ትምባሆ የምንለውም እዚህ ላይ ነው። ሶመሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ፒፓ አጫሾች የከንፈር ካንሰር እንደሚይዛቸው የጻፈው በ1795 ዓ.ም.፣ ማለት ደንሂል ከመወለዱ 77 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሰማው ግን አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ዶልና ሂል የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት በሎንዶን ሆስፒታሎች በተኙ በሽተኞች ላይ ባደረጉት ምርመራ ማጨስና የሳንባ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን አሳዩ። ደንሂል ያን ጊዜ የ78 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበር። ጢሱን ወደ ሳንባ የማያስገባ ፒፓ አጫሽ አደጋው የለብኝም ብሎ ራሱን ሊያጽናና ይወዳል፤ የአፍ፣ የጉሮሮና የከንፈር ካንሰር ግን ይህን ማጽናኛ አይቀበልም። ስለ እንጨቱና ስለ ቅመማው ከላይ የጻፍነው ዕውቀት ሁሉ እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን ስለማያፈርሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑረናቸዋል።

በአፕሪል 1941 ዓ.ም. የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን ሲደበድቡ የዲውክ መንገድ ሱቅ ፈረሰ። የደንሂል ልጅ አልፍሬድ ሄንሪ በማግሥቱ በፍርስራሹ መካከል ጠረጴዛ ዘርግቶ ለመጡት ደንበኞች መሸጡን ቀጠለ። አባትየው በዚያ አልነበረም። በባሕር ዳር በጸጥታ ኖሮ በጃንዋሪ 2 ቀን 1959 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ሞተ።

ስሙ ከእርሱ በኋላ ብዙ እጅ ዞረ። ሲጃራው ወደ አንድ ኩባንያ፣ ልብሱና ፒፓው ወደ ሌላ ሄደ። በ2018 ዓ.ም. በደንሂል ስም የሚሸጠው የፒፓ ትምባሆ መሠራቱ ቆመ፤ ቅይጦቹ ግን ወዲያው በሌላ የፒፓ ቤት ስም ለገበያ ቀረቡ። ከእነርሱም አንዱ ላታኪያ የበዛበት ቅይጥ ነው። በቆርቆሮው ላይ የታተመው ጥንት በዚያ የዲውክ መንገድ መዝገብ ውስጥ የተሰጠው ቁጥር ነው፤ 965።